የአንቴልም መራራ ወይን

በእኛ መንደር መራራ ጠጥቶ ፊትን ከማጨማደድ ሞት ይሻላል። ይህን ስል የምቀልድ ይመስላችሁ ይሆናል፤ አልቀለድኩም። ላሞቹ ከላይኛው ግጦሽ በሚወርዱበት ቀን መንደርተኛው ሁሉ አደባባዩ ላይ፣ ከውሃ ገንዳው አጠገብ፣ ባንድ ረጅም ገበታ ይቀመጣል። ተበልቶ ሲያበቃ ቀጂው ገንቦውን ያነሣና ለእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይቀዳል። ገንቦው ውስጥ ያለው ነጭ ወይን ጠጅ ነው፤ ዣንስያን የሚባለው ቢጫ ሥር ተከትፎ ሲዘፈዘፍበት የከረመ። መራራነቱን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጥርስ ሥር ገብቶ እስከ ማግስቱ አይለቅም።

ሕጉ ደግሞ ይህ ነው። ቀጂው ብቻውን ቀድሞ ይጠጣል፤ ሌላው ብርጭቆውን ይዞ ፊት ፊቱን ያየዋል። ፊቱ ካልተነቃነቀ ሁሉም ባንድ ትንፋሽ ይጨልጣል። ካጨማደደ ግን መጠጡ ተበላሽቷል ማለት ነውና ሁሉም መሬት ላይ ይደፋዋል፤ ሰውዬውም ከዚያ ወዲያ ገንቦ አይነካም። ለመጨረሻ ጊዜ ይህ የደረሰበት የጎረቤታችን የሌዎንስ አባት ነው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እስኪሞት ድረስ በዓሉን ቤቱን ዘግቶ ነበር የሚበላው። ሳህኑን የማደርስለት እኔ ነበርኩ፤ ያኔ ገና ወጣት ነኝ። በሩን ገርበብ አድርጎ እጁን ብቻ ነበር የሚያወጣልኝ።

ከእሱ በኋላ ቀጂነቱን የያዘው ታላቅ ወንድሜ አንቴልም ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አብረን ነው የምንኖረው። እኔ ባል አላገባሁም፤ ለምን ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ “አንድ ግትር ወንድ ቤቴ ውስጥ ይበቃኛል” እላለሁ። ግትርነቱን ካነሣን አይቀር፣ አንድ ጊዜ ንብ ከንፈሩን ነድፋው ሾርባውን ሳያቋርጥ የጨረሰ ሰው ነው። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ለቀጂነት የተፈጠረ ነበር።

ግን ዓይኑ ደክሟል። ይህን ደግሞ ቤታችን ውስጥ መናገር ክልክል ነው። ሾርባውን ከሳህን ውጭ ሲጨምር፣ “ሳህንሽ ጠማማ ነው” ይለኛል። አንድ እሑድ ቡና ቤት ገብቶ፣ መስቀያ ላይ ለተንጠለጠለው ለከንቲባው ካፖርት ባርኔጣውን አንሥቶ “እንደምን ዋሉ” ሲል በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ። ካፖርቱ ዝም ሲለው ተቀየመ።

ዣንስያን የሚቆፈረው በመከር ነው፤ ቢጫ አበባው ታይቶ፣ ማንነቱ ታውቆ። ባለፈው መከር ግን አንቴልም ዳሌውን ተሰብሮ ተኝቶ ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ በሰኔ፣ ገና አበባው ሳይወጣ፣ መቆፈሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ተነሣ።

“አበባ በሌለበት በምን ልትለየው ነው?” አልኩት።

“ቦታዬን አውቃለሁ። አያቴ የቆፈረበት፣ አባቴ የቆፈረበት ተዳፋት ነው። ሥሩ እዚያ ከሌለ እኔም አንቴልም አይደለሁም።”

“ሌላ ሰው ይሂድልህ እንጂ።”

“ለሌላ ሰው ቦታዬን ከማሳይ ዓይኔ ይውጣ!”

“ዓይንህማ ወጥቷል” ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እያነከሰ ወጣ፤ ማምሻውን ከረጢት ሙሉ ሥር ይዞ ተመለሰ፤ ማገዶ ቤት ገብቶ ከተፈው፤ ምድር ቤት አውርዶም በወይን ጠጁ ዘፈዘፈው። ማንንም አላስጠጋም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ ጭንቀቴ አይገባችሁም። ተራራችን ላይ ከዣንስያን ጎን ለጎን የሚበቅል ሌላ ተክል አለ፤ ቬራትር እንለዋለን። አበባ እስኪያወጡ ድረስ መንታ ናቸው፤ ያው ሰፊ ቅጠል፣ ያው ቁመት። ልዩነታቸው የዣንስያን ቅጠል ጥንድ ጥንድ እየሆነ ፊት ለፊት ይገጥማል፤ የቬራትር ግን አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ እያለ ግንዱን ይዞራል። ዣንስያን ሥሩ ሲቆረጥ ሆዱ ቢጫ ነው፣ የቬራትር ነጭ። ቬራትር ልብ የሚያቆም መርዝ ነው። ላሞቻችን እንኳ ያውቁታል፤ ዙሪያውን ግጠው እሱን ትተውት ያልፋሉ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ፋርሶን የምንለውን የድንች ምግብ እየሠራሁ ነበር። እኔ ያልሠራሁት ፋርሶን ገበታው ላይ ቀርቦ አያውቅም፤ ጉራ ነው የሚል ቀምሶ ይፍረድ። ድንቹን ፈግፍጌ፣ ከደረቀ ፕሪም፣ ከዘቢብና ከእንቁላል ጋር ለውሼ፣ ረጅሙን ቆርቆሮ በጢስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ዙሪያውን አልብሼ ሞላሁትና የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀመጥኩት። እሳቱ ሳይጠፋ ግማሽ ቀን መቀቀል አለበት። እንጨት ሲያንሰኝ ወደ ማገዶ ቤት ወጣሁ። ከክምሩ ጀርባ ደረቅ ደረቁን ስስብ የተቆረጡ ግንዶች እጄ ላይ መጡ። አንቴልም በሰኔ ሥሩን ሲከትፍ የጣላቸው ናቸው። ቅጠላቸው ደርቆ ተጠቅልሏል፤ ግን ከግንዱ አልተላቀቀም። የመጀመሪያው ጥንድ ጥንድ ነው። ሁለተኛውም። ሦስተኛውን ሳነሣ ቅጠሉ አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ሆኖ አገኘሁት።

ሁሉንም መሬት ላይ ዘርግቼ ለየሁት። ከሢሶው የማያንሰው ቬራትር ነበር።

አንቴልም የክት ሰደርያውን ለብሶ ወጥ ቤት ተቀምጦ ጫማውን ይወለውላል። ግንዱን አፍንጫው ሥር ደቀንኩት።

“ይህ ምንድን ነው?”

“ማገዶ ነው። ምድጃው ውስጥ ጨምሪው።”

“አንቴልም፣ በእናታችን ይሁንብህ! ቅጠሉን ዳብሰው።”

ዳበሰው። እጁ ለአፍታ ቀጥ አለ። አይቻለሁ፤ ቀጥ ብሏል። ከዚያ ግንዱን ወለሉ ላይ ጣለው።

“እሱ ለይቼ የወረወርኩት ነው። ለዚያ ነው እዚያ የተገኘው።”

“የዣንስያኑም ግንድ አብሮት ነው ያለው፣ ተደባልቆ! ሥሩን ለይተህ መጣልህን በምን ልመን?”

“አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ፋርሶንሽ ላይ ስንት ዘቢብ እንደምትጨምሪ ጠይቄሽ አውቃለሁ? ተይኛ!”

“ሰው ትጨርሳለህ!”

“ዜሊ!” ብሎ ጫማውን አስቀመጠ። ድምፁ ዝቅ አለ፤ እሱ ሲጮኽ አልፈራውም፤ ዝቅ ሲል ነው የምፈራው። “ሠላሳ ዓመት ቀድቻለሁ። አንድ ሰው ቁርጠት እንኳ ነክቶት ያውቃል? ዛሬ መንደሩ ፊት ቆሜ፣ ‘ዓይኔ አላይ ስላለኝ መራራ የለም’ ልበል? ከዚያስ? በር ዘግቼ ልብላልሽ?”

እውነቱን ለመናገር እኔም አልቆረጠልኝም። ምናልባት ለይቶት ይሆናል። ምናልባት ሲከትፍ ነጭነቱን አይቶ ጥሎት ይሆናል። ግን ያ እጁ ለምን ቀጥ አለ? ወደ ምድር ቤቱ ወርጄ ገንቦውን ልደፋው ብል በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ሰደርያው ኪስ ውስጥ ነው።

እየሮጥኩ ወደ ሌዎንስ ሄድኩ። ሌዎንስ የእረኞቹ አለቃ ነው፤ እሱ የማይጠጣውን ማንም አይጠጣም። አደባባዩ ላይ ትልቁን ድስት ጥዶ ቋሊማውን በሽንኩርትና በወይን ጠጅ ያማስላል።

“ሌዎንስ፣ የዘንድሮውን መራራ እንዳትጠጡ።”

“ምነው፣ ጣፈጠ እንዴ?” ብሎ በገዛ ቀልዱ ተንከተከተ።

ያየሁትን ነገርኩት። ማማሰያውን ሳያቆም ሰማኝ።

“ዜሊዬ፣ አንቴልም እኮ ዓይኑን ጨፍኖ ዣንስያን በማሽተት ያገኛል። ወንድምሽ ሲከበር ያንገበግብሻል ልበል?”

“አፍህን ዝጋና ስማኝ!”

“አንቺ ስሚኝ።” አሁን አልሳቀም። “አባቴ እጁን በበር አሾልኮ ሳህን ሲቀበል አይተሻል። ያንን ያየሽ ሴት፣ ተጠራጠርኩ ብለሽ ሰው ታዋርጂያለሽ? ደግሞ ወንድምሽን? ሂጂ፣ ፋርሶንሽ እንዳያርብሽ።”

ወይ ጉድ! ማንን ልያዝ? ተመልሼ እሳቴን ቆሰቆስኩ።

እኩለ ቀን ላይ ቃጭሉ ተሰማ። ላሞቹ ቀንዳቸው ላይ አበባ ታስሮላቸው ወረዱ፤ ሰው ተሰበሰበ፤ ተበላ። ቋሊማው በበቆሎ ገንፎ ላይ ወጣ። ፋርሶኑን ከቆርቆሮው ገልብጬ ሳወጣው አጨበጨቡልኝ፤ እኔ ግን ዓይኔን ከገንቦው አልነቀልኩም። የክረምት ስንቃችን የሆነውን ድቡልቡል ፎርማጆ የቆረጠችው ኮሌት ናት፤ የሌዎንስ የልጅ ልጅ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ላይኛው ግጦሽ ከርማ ወተት ስታረጋ፣ ፎርማጆ ስትገለብጥ የሰነበተች ልጅ ናት። ስለዚህ የራሷ ብርጭቆ ተሰጥቷታል። ብርጭቆውን ይዛ የምትቀመጥበት ጠፍቷት ነበር፣ እንዴት ደስ እንዳላት!

አንቴልም ገንቦውን እስከዚያ ድረስ በጉልበቶቹ መካከል አጥብቆ ይዞታል። ልቀርብ ብል በክርኑ መለሰኝ። ከዚያ ተነሥቶ የየብርጭቆውን ጠርዝ በጣቱ እየዳበሰ ቀዳ። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም።

“እንዴት ቢጫ ነው!” አለች ኮሌት፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ። “ሽታው ራሱ ይመራል፣ አባባ አንቴልም።”

“በአፍንጫሽ አትጠጪው!” አሏትና ተሳሳቁ።

እኔን አፈ ሰፊ ናት ይሉኛል። እንግዲህ ይህ አፍ ዛሬ ካልሠራ መቼ ሊሠራ ነው? ብድግ አልኩ።

“አትጠጡ! ቬራትር አለበት! ግንዱን ማገዶ ቤት አግኝቼዋለሁ። አንቴልም አያይም፤ ዓይኑ ጠፍቷል! ሾርባ እንኳ ሳህን ውስጥ መጨመር አቅቶታል!”

ከንቲባው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ “ዜሊ ምድር ቤት ገብታ ቀድማን ቀምሳለች መሰለኝ” ሲል ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። ሌዎንስ ብቻ አልሳቀም፤ እንደ ሌባ ነው ያየኝ። አንቴልም ፊቱ አልተለወጠም። ግን አንገቱ ቀላ፤ እኔ አውቀዋለሁ፣ ቅስሙን ሰብሬዋለሁ።

“እህቴ ዕውር ነህ ትለኛለች” አለ ቀስ ብሎ። “እንግዲያስ እዩኝ።”

ትንሿን ብርጭቆ ወደ ጎን ገፋት። እረኞቹ አጓት የሚጠጡበትን የእንጨት ዋንጫ ሳበና እስከ አፉ ሞላው። ልነጥቀው ስዘል ሌዎንስ የእጄን አንጓ ይዞ አስቀረኝ። አንቴልም ዋንጫውን አነሣ፤ ጉሮሮው ወጣ ወረደ፣ ወጣ ወረደ፤ እስከ ጭላጩ አንቆረቆረው። ባዶውን ዋንጫ ገበታው ላይ አስቀመጠ። ፊቱ ድንጋይ።

“እናንተዬ፣ ይህ ነው ሰው!” አለ አንዱ። ብርጭቆዎች ወደ አፍ መሄድ ጀመሩ።

ከዚያ አንቴልም ምላሱን ከንፈሩ ላይ አዞረ። እንደገና አዞረ። ጣቱን አንሥቶ ታችኛውን ከንፈሩን ነካ አደረገው፣ የሱ መሆኑን እንደሚጠራጠር ሰው። ዓይኑ ኮሌት ላይ አረፈ፤ ከጎኑ ስለነበረች የጨበጠችውን ብርጭቆ ሳያይ አይቀርም። ብርጭቆዋ አገጯ ጋ ደርሷል።

ያን ጊዜ አንቴልም ፊቱን አጨማደደ። ትንሽ ማጨማደድ እንዳይመስላችሁ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፍንጫውን ሸብሽቦ፣ አፉን እስከ ጆሮው ጠምዝዞ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ መድኃኒት በግድ እንደተጋተ ሕፃን ሆነ።

ከዚያ ያ ሁሉ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሠላሳ ዓመት ያጠራቀሙትን ባንዴ አወጡት። ገበታውን እየደበደቡ፣ እንባቸውን እየጠረጉ፣ ብርጭቆአቸውን መሬት ላይ ገለበጡ። ኮሌትም፣ “ወይኔ፣ ሳልቀምሰው!” እያለች ደፋችው።

“አንቴልም፣ የእናትህ ጡት ትዝ አለህ?”

“በር የሚዘጋለት ሰው ፈልጉለት!”

ከሁሉ የባሰው ሌዎንስ ነበር። እጄን ለቆ፣ ወደ መቃብሩ ስፍራ ዞሮ፣ “አባዬ! ጓደኛ አገኘህ!” እያለ ጮኸ።

እኔ ደግሞ ሞኟ፣ ተደፋ ብዬ እፎይ አልኩ። መደፋቱን እንጂ ዋንጫው ባዶ መሆኑን ለጊዜው አላሰብኩም። አንቴልም ትከሻዬን ሲይዘኝ ነው የባነንኩት። ክብደቱን ሁሉ ጣለብኝ።

“ቤት አድርሺኝ” አለ። ሳቁ ከኋላችን ተከተለን።

ደጃፋችን ላይ አስመለሰው፣ ደጋግሞ። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል፣ እጁ በረዶ ሆኗል። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ፣ ጀርባውን ምድጃው ላይ አስደግፌ አስቀመጥኩት።

“ቬራትር ነው” አለ። ምላሱ አልታዘዝ ብሎት ይኮላተፋል። “አፌ ደነዘዘ።”

“ታዲያ ለምን አልተናገርክም? ለምን እንደዚያ መሳቂያ ሆንክ?”

“ብናገር ይከራከሩኛል። አታውቂያቸውም? አንዱ ተነሥቶ ‘እስቲ ልቅመሰው’ ይላል። ፊቴን ካጨማደድኩ ግን ይደፉታል። ሕግ ነው።”

ፊቱን በቀሚሴ ጠረግሁለትና ሐኪም ላስጠራ ስነሣ ቀሚሴን ጨምድዶ ያዘኝ።

“ገንቦው!”

“ምን?”

“ገንቦው ገበታው ላይ ቀርቷል። ግማሽ አለው። ሂጂ ድፊው።”

“መጀመሪያ ሐኪም—”

“ገንቦው ይቅደም አልኩሽ!”

ጥዬው ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ቁልቁለቱን እንዴት እንደሮጥኩት እግዜር ይወቅ። አደባባዩ ላይ ስደርስ ጭብጨባው ደምቋል። ሌዎንስ አግዳሚ ላይ ቆሟል፤ ያንኑ የእንጨት ዋንጫ ጢም አድርጎ ሞልቶ ይዟል።

“አንቴልምን የጣለውን መራራ እኔ እጥለዋለሁ! የአባቴ ልጅ ፊቱን ያጨማድድ እንደሆነ እዩልኝ!”

“ጠጣው! ጠጣው!” ይላሉ።

ዋንጫው ከንፈሩ ጋ ደረሰ። መጮኽ አልቻልኩም፤ ትንፋሽ የለኝም። አግዳሚውን በትከሻዬ፣ ባለኝ ኃይል ሁሉ ገፋሁት። ሌዎንስ በጀርባው ወደቀ፣ መጠጡ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ገንቦውን አንሥቼ የውሃ ገንዳው ድንጋይ ላይ ከሰከስኩት።

“አብዳለች!” አለ አንዱ።

“መርዝ ነው!” ድምፄ ተመለሰልኝ። “መርዝ ነው፣ እናንተ ደናቁርት! አውቆ ነው ፊቱን ያጨማደደው! እንድትደፉት ነው!”

ማንም አልሳቀም። ከንቲባው ሐኪም ሊጠራ ወደ ቡና ቤቱ ስልክ ሮጠ። ኮሌት ባዶ ብርጭቆዋን እንደያዘች ገርጥታ ቆማለች።

“እሱ እኮ ሙሉውን ጠጥቶታል” አለች። “ሙሉውን።”

ሌዎንስ ከወደቀበት ተነሥቶ፣ ደረቱ እንደረጠበ፣ ቀድሞኝ ወደ ቤታችን ሮጠ። ስደርስ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ አገኘሁት። አንቴልም ዓይኑ ተከፍቷል፤ ግን ማንን እንደሚያይ አይታወቅም። የእጁን የደም ሥር ያዝኩ። አንድ ጊዜ ይመታል፤ ከዚያ ቀረ ብዬ ተስፋ ስቆርጥ ደግሞ ይመታል።

“አንቴልም፣ ሳቅኩብህ እኮ” ይላል ሌዎንስ፤ ያ ግዙፍ ሰውዬ እንደ ልጅ ያለቅሳል። “ከሁሉ በላይ የሳቅኩብህ እኔ ነኝ!”

አንቴልም የመራራው ሽታ ሳይደርሰው አልቀረም። እጁን ዘርግቶ የሌዎንስን ሸሚዝ ዳበሰ፣ እርጥቡን ቦታ ሲያገኝ ደነገጠና ጨበጠው።

“ጠጣህ?”

“አልጠጣሁም። እህትህ ጣለችኝ። የፈሰሰብኝ ነው።”

“ልጅቷስ?”

“ደፍታዋለች። ሁሉም ደፍተውታል፣ ገንቦውም ተሰብሯል። ማንም አልጠጣም፣ አንቴልም።”

የጨበጠውን ለቀቀው። ፊቱን ወደኔ አዞረ፤ ድምፄን ይጠብቃል። “አለሁ፣ አጠገብህ ነኝ” አልኩት።

“ዜሊ” አለ። ቃሉን ለማውጣት ብዙ ታገለ። “በሰኔ... ተዳፋቱ ላይ... አላየሁም ነበር።”

“አውቃለሁ፣ ወንድሜ።”

“ምንም አላየሁም።”

አንቴልም ሐኪሙ ከሸለቆው ወጥቶ እስኪደርስ አልቆየልንም። ሌዎንስ ግን የሟቹን እጅ አልለቅም ብሎ ሐኪሙን እስከመጨረሻው አስቸገረው።